በብስክሌት ወደ ዕጣኑ ኮረብታ

መተማን አልወዳትም ስል ሰው ቀልድ ይመስለዋል። የተወለድኩት እዚሁ ነው፣ ያደግኩት እዚሁ ነው፣ ነርስ ሆኜ የተመለስኩትም እዚሁ ነው። ግን አልወዳትም። ሙቀቱ ያስጠላኛል፤ ከሙቀቱ ይልቅ ደግሞ ሙቀቱ የሚያገማው ነገር ሁሉ ያስጠላኛል። ጤና ጣቢያ ቀኑን ሙሉ የሰው ትውከትና ተቅማጥ ስጠርግ ውዬ ስወጣ ደጅ የሚጠብቀኝ ያው ከውስጥ የተረፈው ነው። በሥራዬ ላይ አንድም ቀን አስመልሶኝ አያውቅም፤ ሥራ ሥራ ነው። መንገድ ላይ ግን አፍንጫዬን ሳልይዝ አልሄድም፣ ቤት ስገባም እጄን እስኪላጥ እታጠባለሁ። አባቴ «አንች ልጅ፣ ውሃው ራሱ እኮ ሰለቸሽ» ይሉኛል።

ስለዚህ ወደ ባሕር ዳር መዛወር ትችያለሽ ስባል እልል ለማለት ትንሽ ነው የቀረኝ። ሰኞ እሺ ወይም እንቢ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። ወንድሞቼ በሱዳን በኩል እንደወጡ ቀርተዋል፤ አንዳንዴ ይደውላሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ አይደውሉም። አባቴ ወሬውን በነገርኳቸው በጥቂት ቀን ውስጥ አንድ ማታ እራት ላይ እንዲህ አሉኝ፦

«እሺ ከማለትሽ በፊት አንድ ቀን አብረሽኝ ዙሪ። ባጀላ ነው የምንሄደው። አገርሽን እይው፣ ከዚያ እሄዳለሁ ካልሽ ሂጅ።»

አጀላ የሚሉት ብስክሌትን ነው፤ ቃሉም ብስክሌታቸውም ከሱዳን የመጡ ናቸው።

«አይቼውም ብሄድ አይቀየሙኝም?»

«አልቀየምሽም። ግን አትሄጅም።»

ይህን ሲሉ ፈገግ አሉ። አንድ ያዘጋጁት ነገር እንዳለ ገባኝ። ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ አባቴ የደበቁትን ነገር ራሳቸው እስኪያወጡት ድረስ መጠየቅ ልፋት ብቻ ነው።

ወሩ የካቲት ነበር። ሰሊጡ ተሰብስቦ፣ ሣሩ ተቃጥሎ፣ መሬቱ ጠቁሮ የሚታይበት ጊዜ። መንገዱ ለጊዜው ሰላም ነው ስለተባለ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ተነሳን። የኔ ብስክሌት ባሕር ዳር ስማር የነዳኋት ናት። እዚያ ሴት ብስክሌት ስትነዳ ማንም ዞር ብሎ አያይም፤ እዚህ ግን የጭነት መኪና ሹፌር ሁሉ ጡሩምባ ካልነፋ ያለፈ አይመስለውም። የአባቴ ደግሞ ጥቁር፣ ከባድ፣ ፍሬኗ በጫማ የሚታገዝ ብረት ናት። ከኋላዋ ቢጫ ጀሪካን በአሮጌ ከመነዳሪ ጎማ ታስሯል። ክዳኑን ከፍቼ አሸተትኩት።

«አባባ፣ ይኼ የሞተር ዘይት ጀሪካን ነው።»

«ነበር። በአመድ አጥቤዋለሁ።»

«እኔ ከዚህ አልጠጣም።»

«ሲጠማሽ እናያለን» አሉና ቁምጣቸውን ሰብሰብ አድርገው ወጡባት።

ከከተማው መውጫ ላይ የተደረደሩትን የጭነት መኪኖች በጎን እያለፍን ሄድን። ከመኪኖቹ ሥር ሰው ይተኛል፣ ከመኪኖቹ ኋላ ሰው ይጸዳዳል፣ ከሁለቱ መሀል ሰው ሻይ ያፈላል። ሻይ የሚጠጡት ምንም አይመስላቸውም። ከዚያ ወዲያ የእሾህ ቁጥቋጦው ሁሉ ፌስታል አፍርቷል፤ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ ቢጫ። አንድ የሞተ አህያ መንገድ ዳር ሆዱ ተነፍቶ ተኝቷል፤ ማንም ሊቀብረው አላሰበም። ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ፔዳሉን ረገጥኩ። አባቴ ከፊቴ እየሄዱ «ነፋሱ ደስ አይልም?» አሉኝ። ነፋሱ የመጣው ከአህያው በኩል ነው።

መጀመሪያ ያሳዩኝ የጦር ሜዳውን ነው። ከመንገዱ ገባ ብሎ አንድ ጉብታ አለ፤ ሐውልትም ምልክትም የለውም፤ አባቴ ግን የኛ ሰው ከድርቡሽ ጋር የተናነቀው፣ ንጉሡም የወደቁት በዚሁ ዙሪያ ነው ብለው ያምናሉ። ከደጋ ወርደው እዚህ ሲሰፍሩ የቀደሟቸው ሰዎች ናቸው የነገሯቸው። ብስክሌታቸውን በዛፍ አስደግፈው ባርኔጣቸውን አወለቁ። እሳቸው ወደ ታሪኩ ሲያዩ እኔ ወደ ጫማዬ አየሁ። የሆነ ነገር ረግጫለሁ። ቀና ስል ጉብታው ላይ እግር የሚያርፍበት ቦታ አልነበረም፤ በአካባቢው ያደረ መንገደኛ ሁሉ የሚወጣበት እዚህ ኖሯል።

«ደም የፈሰሰበት መሬት ነው» አሉ አባቴ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አሁን የሚፈስበት ሌላ ነው» አልኩ ጫማዬን በድንጋይ እየፋቅኩ።

ሊቆጡኝ ዞሩ፤ ግን ሳቃቸው አመለጣቸው። እኔ አልሳቅኩም። ቆሽቴ አርሮ ነበር። ለስንት ሰው መሞቻ የሆነ መሬት፣ ትንሽ አጥር እንኳ ያጣ! አባቴ ባርኔጣቸውን መልሰው አጠለቁና «ሰው ሲቸግረው ነው» አሉ። ሁልጊዜ ለሰው ምክንያት ይፈልጉለታል። እኔ ምክንያት ሰልችቶኛል።

ቀጥሎ ጣሊያን ቆፈረው የሚባል ምሽግ ዘንድ ሄድን። ድንጋዩ ላይ የጥይት ቀዳዳ እንዳለ ነግረውኝ ነበር፤ እውነትም አለ። ውስጡ ግን የታኘከ ጫት፣ የአረቄ ፕላስቲክና የሌሊት ወፍ ኩስ ነው። አንዱ ግድግዳው ላይ በከሰል የፍቅረኛውን ስም ጽፏል፤ ከሥሩ ደግሞ ሌላው ስድብ ጨምሮበታል። አባቴ በቀዳዳው ውስጥ ጣታቸውን ከትተው እንድነካው ጋበዙኝ። እጄን ኪሴ ከተትኩ። ጠላትም ወገንም የሞተበትን ቦታ ሽንት ቤት ማድረግ የምንችል ሰዎች ሌላ አገር ይኖሩ እንደሆነ አላውቅም።

ወደ ኮረብታዎቹ የሚወስደው መንገድ ላይ ስንደርስ ግን ማማረሬን ተውኩ። ምክንያቱም የመጨረሻው ቦታ የት እንደሆነ አውቄያለሁ። አባቴ የጎልማሳነት ዘመናቸውን ያሳለፉት በዕጣን ለቀማ ነው። ያን ሥራ የሚሠሩበት ኮረብታ ላይ ነው እኔም እግሬን ያጠናሁት፤ እናቴ ለለቃሚዎቹ ውሃ ስታመላልስ ቀሚሷን ይዤ እከተላት ነበር። ዕጣኑ የሚወጣው ዛፉ ሲቆስል ነው። ለቃሚው መንገፍ በሚባል ስለት ቅርፊቱን እዚህም እዚያም ትንሽ ትንሽ ፋቅ ያደርገዋል፣ ነጭ ወተት ይወጣል፣ ወተቱ ሲደርቅ ይለቀማል። አባቴ ከሌሎቹ የሚለዩት ዛፍ ስለሚያሳርፉ ነበር። የደከመውን ዛፍ በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው «አንተ ዘንድሮ ተኛ» ይሉታል፤ ከዚያ ዓመቱን ሙሉ አይነኩትም። ሌሎቹ ይስቁባቸው ነበር። ደግሞ አባቴ ግራኝ ናቸው። የሌላው ሰው ፍቀት ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል የሳቸው ወደ ሌላኛው ያዘነብላል፤ ስለዚህ ገና ፊደል ሳልቆጥር የአባቴን ዛፎች ከሌላው ሰው ዛፎች መለየት እችል ነበር።

በዚህ አገር ያላስጠላኝ ቦታ ቢኖር ያ ኮረብታ ነው። ጥናቱ ሲበዛብኝ፣ በኋላም ጤና ጣቢያው ሲመረኝ፣ ዓይኔን ጨፍኜ የማስበው እሱን ነበር። እውነቱን ለመናገር አባቴ ወዴት እየወሰዱኝ እንደሆነ ሲገባኝ ልቤ ትንሽ ሸፈተ። እዚያ ቁጭ ብለው «አትሂጅ» ቢሉኝ፣ ሰኞ እንቢ ብዬ ልቀር እንደምችል ፈራሁ።

ዳገቱ ሳይጀምር መንገድ ዳር ከሰል የምትሸጥ ሴት አገኘን። ጆንያዎቹን ደርድራ ከኋላቸው ባለች ጥላ ተቀምጣለች። ዙሪያዋ ያለው ኮረብታ ተላጭቷል፤ ጉቶና አመድ ብቻ። ደሜ ፈላ። ብስክሌቴን አቁሜ «ይህን ሁሉ ዛፍ ጨረሳችሁት እኮ!» አልኳት።

«ወላሂ እርጥቡን አልነካንም፣ እህቴ» አለችኝ፤ የወሎ ልጅ መሆኗን ከአነጋገሯ ለየሁ። «የደረቀ ብቻ ነው የምናከስለው።»

«ማን ያደርቀዋል?»

«እኔ ምን አውቄ። ስንመጣ ደርቆ እናገኘዋለን።»

እኔ ግን አውቃለሁ፤ በዚህ ቆላ የማያውቅ የለም። እርጥብ ዛፍ የቆረጠ ይከሰሳል፤ የደረቀ የቆረጠን ማንም አይጠይቀውም። ስለዚህ አስቀድመው ያደርቁታል። ቅርፊቱን ዙሪያውን እንደ ቀበቶ ቀርፈው ትተውት ይሄዳሉ፣ ዛፉም ቆሞ ይሞታል። ከዚያ ከሰል አክሳዩ ይመጣል፣ ከአክሳዩ በኋላ እሳት ይመጣል፣ ከእሳቱ በኋላ «ባዶ መሬት ነው» ይባልና ሰሊጥ ይዘራበታል። ሰው በቀስታ መርዞ ሲያበቃ ሞቶ አገኘሁት እያሉ ለቅሶ እንደ መቀመጥ ነው። መጥረቢያ ይዞ በቀን የሚቆርጥ እንኳ ከዚህ ይሻለኛል፤ እሱ ቢያንስ አያስመስልም።

ይህን ሁሉ ዳገቱን እየገፋን ስንወጣ ለአባቴ ተናገርኩ። ሆዳም አልኩ፣ ሌባ አልኩ፣ ለልጅ የማያስብ አልኩ። አባቴ ድንገት ቆመው «ሰንሰለቷ ላላች» አሉና ከብስክሌታቸው አጠገብ ቁጢጥ ብለው ብዙ ቆዩ። ሰንሰለቷ ደህና እንደነበረች አይቻለሁ፤ ደክሟቸው ነው ብዬ አለፍኩት።

በባምባ ዛፍ ጥላ ሥር የማሽላ ቂጣ በላን። አባቴ ሰንሰለት በነኩበት እጃቸው ቆርሰው አጎረሱኝ፤ ዓይኔን ጨፍኜ ዋጥኩት። የኔ ውሃ አልቆ ነበር። ጀሪካኑን ገፋ አደረጉልኝ፤ አልጠጣም አልኩ። «እልኸኛ» አሉኝ። ከዚያ ወደ ኮረብታው በመዳፋቸው እያመለከቱ «ተነሽ እስቲ፣ ላሳይሽ» አሉ። እንደ ልጅ ተቻኩለው ነበር።

የዕጣን ዛፍ በበጋ ቅጠል የለውም። ቅርንጫፉ ብቻ ዕርቃኑን ቆሞ ዝናብ ይጠብቃል። ስለዚህ ኮረብታው ከሩቅ ሲታየኝ ልክ እንደማውቀው ነበር፤ ግንዱ ነጣ ያለ፣ ቅርፊቱ እንደ ስስ ወረቀት የሚላጥ፣ እስከ ላይኛው ቋጥኝ ድረስ የተደረደረ። ደስ አለኝ። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አፍንጫዬን ለቀቅኩና በረጅሙ ተነፈስኩ። ሽታው መጣ፤ ያ የልጅነቴ ሽታ። ግን በዛ። መሆን ከሚገባው በላይ በጣም በዛ።

የመጀመሪያው ዛፍ ዘንድ ስደርስ ቀበቶውን አየሁት። በደረቴ ልክ ቅርፊቱ ዙሪያውን ተቀርፏል። ሁለተኛውም ያው። ከማዶው ያለውም፣ ከሱ በላይ ያለውም። ከተቀረፈው ላይ የወረደው ዕጣን ግንዱን ተከትሎ እስከ ሥሩ ተንዠርጎ ደርቋል፤ ጨርቅ ባልተደረገበት ቁስል ላይ የደረቀ መግል ይመስል ነበር። ዝንብና ጉንዳን ተጣብቆበታል። ማንም አልለቀመውም። ፍርፋሪ ዕጣን ከአፈር እየነፉ የሚያነሱ ሰዎች ያሳደጉኝን እኔን ይህ የባሰ አስጠላኝ።

«እጁ ይቆረጥ!» ብዬ ጮህኩ። «ማን ነው ይሄን ያደረገ? እጁ ይሰበር!»

«አትራገሚ» አሉ አባቴ ከኋላዬ።

«ለምን አልራገምም? ይኼ እርግማን ያንሰዋል!»

«አትራገሚ አልሁሽ፣ ልጄ።»

ድምፃቸው ልክ አልነበረም። ወደ ዛፉ ተመልሼ አየሁ። የስለቱ ዱካ ያዘነበለው ወደዚያኛው ወገን ነው፤ ገና ልጅ ሳለሁ ከሩቅ ወደምለየው ወገን። ሁለተኛውም፣ ከማዶው ያለውም እንዲሁ። ዞሬ አባቴን አየኋቸው። ግራ እጃቸው የብስክሌቷን መሪ ጨብጧል።

«እርስዎ ነዎት?»

«ላንች ነው» አሉ። አላፈሩም፤ እንዲያውም ፊታቸው በራ። «ክረምት ሳይገባ ጀምሬ ብቻዬን ነው የቀረፍሁት። ሰው አላስነካሁም። ከላይ ቋጥኙ ድረስ፣ ከታች እስከ ደረቁ ወንዝ ድረስ። ዘንድሮ ይከሰላል፣ ለከርሞ ሰሊጥ ይዘራበታል። ባንች ስም እንዲሆን መሬት ከሚሰጡት ሰዎች ጋር ተነጋግሬያለሁ።»

«እነዚህን እኮ ያሳርፏቸው ነበር፣ አባባ። ተኛ ይሏቸው ነበር።»

«ዕጣን ልጅ አላስቀረልኝም» አሉ። «ወንድሞችሽ ሲሄዱ እዚሁ ኮረብታ ላይ ነበርሁ። መሬት ቢኖረኝ ይሄዱ ነበር? አንችን ደግሞ እያየሁ ልስደድሽ?»

መልስ ልሰጣቸው አፌን ከፈትኩ። የሰው ትውከት ስጠርግ የኖርኩት ሴት እዚያ ዛፍ ሥር ተንበርክኬ የበላሁትን ቂጣ ሁሉ አወጣሁት። አባቴ ሮጠው መጡ። ግንባሬን በግራ እጃቸው ደገፉኝ፣ ልክ በልጅነቴ ወባ ሲጥለኝ እንደሚያደርጉት። እጃቸው ዕጣን ዕጣን ይሸታል። ልገፋው ፈለግኩ፤ አቅቶኝ ሳይሆን አሳዝኖኝ ተውኩት። ሲያልፍልኝ ጀሪካኑን አምጥተው አፌን አስጉመጠመጡኝ፣ ፊቴን አጠቡኝ፣ ከዚያም ጠጣሁ። ዘይት ዘይት ይላል። ደግሜ ጠጣሁ።

«ፀሐይ መትቶሽ ነው» አሉ።

«እሱ ነው» አልኳቸው።

ቁልቁለቱን ወረድን። ከሰል ሻጯ አሁንም ጥላዋን እየተከተለች ተቀምጣለች፤ አባቴ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው አለፏት። እኔም ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም፤ ጠዋት የተቆጣሁበት ነገር ሁሉ እቤቴ ገብቶ ተቀምጧል። ሌባ፣ ሆዳም፣ ለልጅ የማያስብ። ለልጅ የማያስብ ማለቴ ነው ከሁሉ የከነከነኝ። አባቴን ግን ልጠላቸው ሞከርኩ፤ ያደረጉትን እየጠላሁ ወደሳቸው ስደርስ ጥላቻው ይጠፋብኛል።

ሜዳው ላይ ስንደርስ ፀሐይዋ ወደ ሱዳን በኩል ዘንበል ብላ ነበር። አባቴ ፍጥነታቸውን ቀንሰው ከጎኔ ሆኑ። ፔዳላቸው ሲጢጥ ሲጢጥ ይላል።

«ታዲያ ሰኞ ምን ልትያቸው ነው?»

ውሸት ማሰቤ አልቀረም። ላስብበት ልላቸው ነበር። ግን ከጠዋት ጀምሮ ያየሁት ማስመሰል በቅቶኛል።

«እሺ ነው የምላቸው፣ አባባ። እሄዳለሁ።»

ቆሙ። እኔም ቆምኩ። ወደ ኋላ ዞረው ኮረብታውን አዩት፤ እኔም አየሁት። ከዚያ ርቀት ምንም አይታወቅም፤ ቅጠሉን አራግፎ ዝናብ የሚጠብቅ ጤነኛ የዕጣን ዛፍ ነው የሚመስለው። አባቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው ላባቸውን ጠረጉ። ከዚያ እንደ ተራ ነገር፣ መንገድ እንደጠፋበት ሰው፣ ጠየቁኝ፦

«ታዲያ ለማን ብዬ ነው ያደረቅሁት?»